መውጫውን የለመደ ሰው

አባቴ የሙሽራ አልጋ ይሠራ ነበር። ቁም ሣጥንም፣ የምግብ ጠረጴዛም ይሠራል፤ ስሙ የተጠራው ግን በአልጋ ነው። ሊያዝዙ የመጡ ጥንዶችን መጀመሪያ የሚጠይቃቸው የእንጨቱን ዓይነት ወይም ስፋቱን አልነበረም። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ አንዴ እሷን፣ አንዴ እሱን ያይና «የመጀመሪያችሁ ነው?» ይላል። ከሁለቱ አንዳቸው ፈት ከሆኑ በቃ፣ አለቀ። «ሌላ ቦታ ይሠሩላችኋል፤ እኔ ለሁለተኛ ጋብቻ አልጋ አልሠራም» ብሎ ወደ መላጊያው ይመለሳል።

አሁን ይህን ሳወራ የሚስቅ አለ። ያኔ ግን የሳቀ ሰው አላየሁም። የተባረሩት እንኳ ጥፋት እንደተገኘባቸው አንገታቸውን ደፍተው ነበር የሚወጡት። ሰፈሩም «ሰው ማለት እንዲህ ነው» ይል ነበር። ከባሏ ጋር ስትጣላ እናቷ «ኋላ አልጋ የሚሠራልሽ ታጪያለሽ» ያለቻት ጓደኛ ነበረችኝ። ጓደኛዬ ወደ ባሏ ተመለሰች። ደስ ብሏት እንደሆነ ግን ማንም አልጠየቃትም፤ እኔም አልጠየቅኋትም።

ትምህርት ከጨረስኩ ጀምሮ እዚያው ወርክሾፕ ነኝ። አባቴ የሠራውን በብርጭቆ ወረቀት እፈትጋለሁ፣ ቫርኒሽ እቀባለሁ። ጥፍሬ ሥር የገባው ቡናማ ቀለም በምንም አይለቅም።

አባቴ ሶፋ መሥራት ሲጀምር ስፖንጅና ጨርቅ የሚያለብስ ሰው ቀጠረ። ሰውየው ትንንሽ ምስማሮች ከንፈሩ መሃል ደርድሮ፣ አንድ በአንድ እያወጣ ነው የሚመታው። አባቴ ሳምንት ሳይሞላው «ምስማር» አለው፤ ስሙ ሆኖ ቀረ። አፉ ሞልቶ መናገር ስለማይችል እኔ ሆን ብዬ ያኔ ነበር የምጠይቀው።

«ሻይ ትጠጣለህ?»

ዝም።

«ኩራት ነው ወይስ ጥጋብ?»

ምስማሮቹን አንድ በአንድ አውጥቶ መዳፉ ላይ ያስቀምጣል። አይቸኩልም፤ ዓይኑንም ከእኔ ላይ አያነሳም። «እጠጣለሁ» ይልና መልሶ አንድ በአንድ ይጎርሳቸዋል። ለአንድ ቃል ያን ሁሉ የሚደክም ሰው አይቼ አላውቅም። እኛ ቤት ሁሉም ሰው አፉ እንዳመጣለት ነው የሚናገረው፣ እኔን ጨምሮ።

ፈት መሆኑን ከመጀመሪያው አውቀናል። አባቴ «ሥራ ሌላ፣ ትዳር ሌላ» ብሎ ነው የቀጠረው። አንድ ቀን አብረን ያረጀ ሶፋ ጨርቅ ስንገፍፍ እሱና ሚስቱ ለምን እንደተለያዩ ጠየቅሁት።

«ወላጆቻችን ናቸው ያገናኙን» አለ። «አልተጣላንም። ለመጣላትም እኮ መተዋወቅ ያስፈልጋል።»

«እኔና አንተ በቀን ሁለቴ እንጣላለን።»

«እሱን እኮ ነው የምልሽ።»

ፊቴ እስከ ጆሮዬ ድረስ ነደደ። የምይዘው የምጨብጠው ስላጣሁ ተቀብቶ የደረቀውን የወንበር እግር እንደገና ቀባሁት። እሱም አይቶ አላየሁም ብሎ ወደ ሶፋው ዞረ።

ወደድኩት። ይህን ለመናገር ዙሪያ ጥምጥም አያስፈልገኝም። ጠዋት ወደ ወርክሾፑ ሲመጣ ኮቴውን ካልሰማሁ እጄ ሥራ አይዝልኝም ነበር። ምሳ ስንበላ ከአንድ ዳቦ ገምሶ ትልቁን ወደ እኔ ይገፋል፤ እኔ መልሼ እገፋለሁ፤ አባቴ መሃል ገብቶ «የማይበላ ካለ እዚህ አፍ አለ» ይልና ያነሳዋል። ያን ያህል ይቀርበን ነበር። አባቴም ይወደው ነበር፤ እንደዚያ ዓይነት እጅ አላየሁም እያለ።

ስለዚህ ምስማር ታላቅ ወንድሙን ይዞ ሳሎናችን ሲመጣ ብዙ አልፈራሁም። አባቴ ሻይ አስቀዳላቸው። ስለ እርጥብ እንጨትና ስለ መብራት መጥፋት አጫወታቸው። የጋብቻ ጥያቄው ሲቀርብለት ግን ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«ልጄ፣ በእጅህ ሥራ አንድ ቀን ተከፍቼ አላውቅም። ነገር ግን ፈት ማለት መውጫውን የለመደ ሰው ነው። አንዴ በር ከፍቶ የወጣ፣ ሁለተኛ እጀታውን በጨለማም አያጣውም።»

«ጋሼ፣ እኔ ልጅዎን...»

«ሻይህን ጠጣ።»

ምስማር ሻዩን ጠጣ። በሩ ጀርባ ቆሜ እሰማ ስለነበር ብርጭቆው ማስቀመጫው ላይ ሲያርፍ የሰማሁት ድምፅ እስከ አሁን ይሰማኛል።

ወጥ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። እናቴ ሽንኩርት መክተፏን ሳታቆም፣ «አባትሽን አትቀየሚው» አለችኝ። «እናቱ ጥላው ስትሄድ ልጅ ነበር። ሌላ ባል አግብታ እዚያው ሰፈር ትኖር ነበር። ሰዉ ስሙን ትቶ ‹የፈቷ ልጅ› ይለው ነበር፤ ከልጆች ጋር ሲጫወት እንኳ እየመጡ ልጆቻቸውን ይወስዱበት ነበር።»

«ታዲያ እሱ የተደረገበትን መልሶ በሰው ላይ ያደርጋል?»

«ከማን ተምሮ ሌላ ያድርግ?» አለችና ሽንኩርቱን ድስቱ ውስጥ ገለበጠች። ቀጥላም፣ «ለመሆኑ ሰው ምን ይላል ብለሻል?»

ምስማር ሥራውን ለቀቀ። በመጨረሻው ቀን እኔን ያነጋገረኝ ከወርክሾፑ ጓሮ፣ ጣውላ የሚደረደርበት ነው።

«እንሂድ» አለኝ። «እኔና አንቺ እንበቃለን።»

«አባቴ ሳይመርቀኝ ከቤት አልወጣም። እናቱ የሄደችበት ሰው ነው፤ እኔም ልሂድበት?»

«እስኪመርቁሽ ልጠብቅ?»

«ጠብቀኝ» አልኩት። ከልቤ ነበር። አባቴ ልቡ የሚራራ መስሎኝ ነበር።

ጠበቀ። ሌላ ሰፈር ሥራ ይዞ፣ ባገኘሁት ቁጥር «ምን አሉ?» ይለኛል። እኔ «ገና ነው» እላለሁ። ከዚያ እናቴ ታመመች፤ እሷን ማን ትቶ ይሄዳል። ከዚያ እናቴ ሞተች፤ አባቴን ማን ትቶ ይሄዳል። ምስማር ለቀብሯ መጥቶ እጄን ሲጨብጥ «ምን አሉ?» አላለኝም። ከዚያ ወዲያ አልጠየቀኝም። አልፈርድበትም፤ ሰው ምን ያህል ይጠብቃል።

በመሃል ዘመኑ ሳናየው ተገለበጠ። አንዲት ሴት እጮኛዋን ይዛ መጣች። አባቴ እንደልማዱ «የመጀመሪያችሁ ነው?» ሲላት፣ «የሱ ሁለተኛ፣ የኔ ሦስተኛ። ምነው አባባ፣ ቅናሽ አለው?» ብላ ሳቀች። እጮኛዋም ሳቀ። አባቴ ሸኛቸው፤ እነሱም እየሳቁ ተሻግረው ከጎረቤት አዘዙ። እንዲህ ያሉት በዙ። ከመጡት ጥንዶች ግማሾቹ ጭራሽ ሳይጋቡ አብረው የሚኖሩ ነበሩ፤ «የመጀመሪያችሁ» ሲላቸው የመጀመሪያ ምን እንደሆነ አይገባቸውም። አንድ ቀን ቫርኒሽ እየቀባሁ አባቴ ለመጡት ሰዎች «ስፋቱ ምን ያህል ይሁን?» ሲል ሰማሁት። ብሩሼን ይዤ ቀና አልኩ። እሱ ሜትሩን እየዘረጋ ነበር፤ ወደ እኔ አልዞረም። የድሮው ጥያቄ እንዲሁ በዝምታ ቀረ፤ የኔን ዕድሜ የበላ ሕግ ስንብት እንኳ አልነበረውም።

ከዚያ መጋረጃ ሰፊዋ መጣች። ከወርክሾፓችን ጎን ሱቅ የተከራየች፣ ባሏን ገና በወጣትነቷ ፈትታ ብቻዋን የኖረች፣ ሳቂታ ሴት ናት። አባቴ መጀመሪያ የመጋረጃ ዘንግ ሠራላት። ቀጥሎ መደርደሪያ። ቀጥሎ የሚሠራላት ነገር ሲያልቅበት ዝም ብሎ በሯ ላይ መቀመጥ ጀመረ። በመጨረሻ እኔንና ታናሽ ወንድሜን ሳሎን አስቀምጦ ሊያገባት እንደሚፈልግ ነገረን።

ወንድሜ ተነስቶ ቆመ። «በዚህ ዕድሜህ የሰው መሳቂያ ልትሆን? እሺ ይሁን፤ ከፈት ጋር? መውጫውን የለመደ ሰው ያልከው አንተ አይደለህ?»

አባቴ እጆቹን ጉልበቶቹ መሃል ከተተ።

«እትዬ፣ አንቺ ንገሪው እስኪ» አለ ወንድሜ። «ከአንቺ በላይ ማን ይናገራል?»

እውነት ነው፣ ከእኔ በላይ የሚናገር አልነበረም። «አይሆንም» ብል አባቴ እንደማያገባ አውቄያለሁ። ልዋሽ አልችልም፣ ደስ አለኝ። ልቤ ውስጥ ስንት ጊዜ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ አንድም ቃል አልረሳሁም ነበር። አባቴ የሻይ ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይዞ አነሳ። ያን ጊዜ ሽማግሌ መሆኑን አየሁ።

«ያግባት» አልኩ። «በዚህ ቤት አንድ ሰው ተከልክሎ አይተናል። ምን ተገኘ?»

ወንድሜ ተቀመጠ። አባቴ ቀና ብሎ ሊያየኝ አልቻለም።

በማግስቱ ወርክሾፕ ውስጥ ዙሪያዬን ሲያንዣብብ ቆይቶ፣ «ያ ልጅ አሁን የት ነው የሚሠራው?» አለኝ።

«የቱ ልጅ?»

«አታስጨንቂኝ እንጂ።»

«አላውቅም» አልኩት። አውቃለሁ። የራሱ ሱቅ እንዳለው፣ ማግባቱንም ከጨርቅ ነጋዴው ሰምቻለሁ። ግን በኔ ቁስል ላይ የአባቴን ጸጸት ደግሞ ልሸከም አልፈለግሁም። አባቴ እኔን ትቶ ሰው ጠያይቆ ራሱ ሄደ። ሱቁ ውስጥ ብቻውን ሲሠራ አገኘው፣ ይቅርታ ጠየቀው፣ ለሠርጉ ምሳ ጠራው፣ ተመለሰ። ሰውን ሁሉ ስለ ትዳሩ ሲጠይቅ የኖረ ሰው ያን ቀን ግን ምንም አልጠየቀም። እስከዚያ ቀን ድረስ የሚጠብቀኝ መስሎት ነበር።

ምሳው እኛው ቤት ነበር፤ ዘመድና ጎረቤት ብቻ። እኔ ወጥ ቤት ሰሃን ሳጥብ አንዲት ደልደል ያለች፣ ፊቷ ፈገግታ የማያጣው ሴት ከደጅ በቀጥታ ገብታ እጅጌዋን ሰበሰበች።

«ብቻሽን ነው እንዴ? አምጪው ላግዝሽ። የሶፋ ሰሪው ባለቤት ነኝ። ድሮ እዚህ ሠርቷል አይደል? አባትሽን እንዴት እንደሚያከብራቸው።»

«አዎ፣ ሠርቷል» አልኩ። ስለ እኔ ምንም እንዳልነገራት ገባኝ። ጎን ለጎን ቆመን አጠብን። ልጠላት ፈልጌ ነበር፤ እሷ ግን ያጠበችውን ሰሃን ሁሉ ወደ ብርሃን አንስታ የምታይ፣ ጨዋ ሴት ሆነችብኝ።

ያኔ ሳሎን ውስጥ አባቴ ብርጭቆ ሲያንኳኳ ሰማን። «ሁላችሁም ባላችሁበት አንድ የቀረኝ ነገር አለ» አለ። ሴትየዋ እጇን እየጠረገች በሩ ላይ ሄዳ ቆመች፤ እኔም ከኋላዋ። አባቴ ምስማርን አስነስቶ ትከሻውን ይዞታል። የምስማር ፀጉር ሸብቷል።

«ይህ ሰው ልጄን ጠይቆኝ ከልክዬው ነበር። እኔ ለራሴ የፈቀድኩትን ለእነሱ ነፍጌያለሁ። ዛሬ ፈቅጃለሁ። ልጄ፣ የት ነሽ? ነይ፣ ልመርቃችሁ።»

ያን ቃል ስጠብቅ ነው ጠጉሬ የነጣው። ከፊቴ የቆመችው ሴት ጀርባ ድርቅ ሲል አየሁ። ምስማር እኔን አየኝ፣ ሚስቱን አየ፣ ሊናገር አፉን ከፈተ። ቀደምኩት።

«አባዬ፣ ሰው ተምታቶብሃል» አልኩ እየሳቅሁ። «እኔን የጠየቀኝ ያ ቀለም አቅራቢው ነው እኮ። ይሄ ምስማር ነው፤ ባለቤቱ ይቺት፣ እኔ ጋ ሰሃን ስታጥብ ነው የቆየችው።»

አባቴ እኔን አየ። ሴትየዋን አየ። እጁ ከምስማር ትከሻ ላይ ቀስ ብሎ ወረደ።

«እርጅና ነው መሰለኝ» አለ።

ሰዉ ሳቀ። ወንድሜም «ሙሽራው ዛሬ ደስታው በዝቶበታል» ብሎ አሳቀ። መጋረጃ ሰፊዋ ብቻ አልሳቀችም፤ የአባቴን እጅ ይዛ አስቀመጠችው።

«እኔማ ክው ብዬ ቀርቼ ነበር» አለችኝ የምስማር ሚስት ደረቷን ይዛ። «እንዲህ ያለ ነገር ቢኖር መቼም ይነግረኝ ነበር።»

«ይነግርሽ ነበር እንጂ» አልኳት።

ሲሄዱ እሷ ልጃቸውን ከጎረቤት ልጆች መሃል ልትጠራ ቀደመች። ምስማር ደጃፉ ላይ ቆየ።

«ልክድሽ አልነበረም» አለኝ በዝግታ።

«አውቃለሁ። ለዚያ ነው የቀደምኩህ።»

ሚስቱ ስትጣራ «መጣሁ» ብሏት ሄደ። እስከዚያች ቀን ድረስ፣ ማግባቱን እያወቅሁ እንኳ፣ የተለያየን አይመስለኝም ነበር።

እንግዳው ሁሉ ሲበተን አባቴ ጠራኝ። ሄጄ እግሩ ሥር ተቀመጥኩ። እጁን ራሴ ላይ አደረገ። ምን ብሎ እንደሚመርቀኝ ጠፋበት። ባል ይስጥሽ እንዳይል፣ ልጅ ይስጥሽ እንዳይል፣ ጊዜው ማለፉን እኔም እሱም እናውቃለን።

«ዕድሜ ይስጥሽ» አለኝ በመጨረሻ።

«አሜን» አልኩት።