ከሥዕሉ እስከ ድምፁ

ዊብረን ከሆላንዱ ግሮኒንገን ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተሩን ተሸክሞ ወደ ማገገሚያ ማዕከሉ በገባ ዕለት፣ የንግግር ሕክምና ባለሙያዋ ሲትስኬ ኮሪደሩ ላይ አስቆመችው።

«ፍጥነት ልትለካ ነው የመጣኸው? የእኔ ታካሚዎች እኮ አንጎላቸው ውስጥ ደም ፈሶ ቃል የጠፋባቸው ናቸው፤ የውድድር ፈረስ አይደሉም!»

ዊብረን ቶሎ አልመለሰም። ዓይኑን ከፊቷ ሳይነቅል ቆየና፣ «ሥዕሉ ከታየበት ድምፅ እስከሚወጣበት ያለውን ጊዜ ነው የምለካው» አለ።

«እሱማ ባዶ ጊዜ ነው።»

«አይመስለኝም።»

ዝግተኛ አነጋገሩ መጀመሪያ አናደዳት፤ ከዚያ አሳቃት፤ ጸደይ ሲገባ ደግሞ በከተማዋ ቦይ ዳር ጎን ለጎን ብስክሌት መንዳት ጀመሩ። እሱ ዐረፍተ ነገር ይጀምራል፣ እሷ ትጨርስለታለች። ፍቅር ማለት ይህ ነው የሚል ሞልቷል። ውሸት ነው! የሰውን ቃል ከአፉ መንጠቅ ቅልጥፍና እንጂ ፍቅር አይደለም።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት፣ ሠራተኛው ዳቦና አይቡን ይዞ በተሰበሰበበት፣ ዊብረን የጥናቱን ውጤት በቪዲዮ አሳየ። ጡረታ የወጡት የጀልባ ካፒቴን አቶ ታልማ የብስክሌት ሥዕል ያያሉ። ከንፈራቸው ሊከፈት ሲል ሲትስኬ የቃሉን የመጀመሪያ ድምፅ ትሰጣቸዋለች። ቶሎ በረዳቻቸው ቁጥር፣ በቀጣዩ ሳምንት ያንኑ ቃል ለማውጣት ይብስ ይዘገያሉ። ትንሽ ሲታገሷቸው ግን ራሳቸው ያገኙታል፤ እያደርም ይፈጥናሉ።

«ሲትስኬ፣ ለአፍሽ ፕላስተር እናዋጣልሽ?» አለች ባልደረባዋ ሄስተር። ክፍሉ በሳቅ ተሞላ።

ዊብረን ሲወጣ ሲትስኬ ተከትላው ከማዕከሉ ጀርባ ያለው ድልድይ ላይ ደረሰችበት።

«ሰው ፊት ከምታዋርደኝ ቤት ብትነግረኝ ምን ነበረበት?»

«ልነግርሽ ብዙ ጊዜ ጀምሬ ነበር።»

«ታዲያ ማን አስቆመህ?»

ዝም ብሎ አያት። አንዳንድ ሰዎች ዝምታቸውን ጨዋነት ይሉታል፤ ፍርሃት ቢሉት ይሻል ነበር።

«ኖርዌይ ሥራ ሰጥተውኛል» አለ። «መልስ እየጠበቁኝ ነው።»

«እኔስ? ትወደኛለህ ወይስ ለጥናትህ ነበር የፈለግኸኝ?»

ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ።

«በቃ፣ ገባኝ። አትወደኝም» አለችና ብስክሌቷ ላይ ወጥታ ሄደች።

በሳምንቱ አቶ ታልማ ፊት ተቀመጠች። ሥዕሉን አስቀምጣ ምላሷን ነከሰች። ሽማግሌው ግንባራቸውን ቋጠሩ፣ አላባቸው፣ መስኮቱን አዩ።

«ብስክሌት!» አሉ። ቀጥለውም በዝግታ፣ «አንቺ ልጅ... እስከ ዛሬ... ምን ነበር ዝም ብትዪ?»

ሳቀች። ሳቋ ወደ ልቅሶ ሲዞርባት ተነሥታ ወደ ዊብረን ቤት ከነፈች። መጻሕፍቱን በካርቶን ሲያሽግ አገኘችው።

«ያን ቀን የጠየቅሁህን መልስልኝ።»

ጠበቀች። «አትወደኝም» የሚለው ቃል አፏ ድረስ መጣ፤ ዋጠችው።

«እወድሻለሁ» አለ። «ያን ዕለትም ልልሽ ነበር።»

«ካርቶኑስ?»

ዊብረን የያዘውን መጽሐፍ ቀስ ብሎ ካርቶኑ ውስጥ አስቀመጠ። መልሱን አውቃዋለች፤ ግን አልቀደመችውም።

«ኖርዌዮቹን እሺ ብያቸዋለሁ። አንቺ በእኔ ፈንታ የመለስሽ ዕለት።»

«እና አመንከኝ? ‹አይደለም› የምትልበት አፍ አልነበረህም? የእኔን ችኮላ ለሰው ሁሉ አሳየህ፤ የአንተን ዝምታ ማን ይለካው?»

«ልክ ነሽ» አለ። ልክ መሆኗ ግን የፈረመውን ውል አላፈረሰም።

በነሐሴ ባቡር ጣቢያ ሸኘችው። ተቃቅፈው ቆዩ። የመነሻው ደወል ሲጮህ ዊብረን ከባቡሩ በር ዞረና አንዴም ሳያመነታ፣ «ነይ፣ አብረን እንሂድ!» አላት።

ለመልስ ዘግይታ የማታውቀው ሲትስኬ አፏን ከፈተች። ታካሚዎቿ፣ ያልበረደ ንዴቷ፣ የተዘረጋው እጁ፣ ሁሉም ባንዴ መጡባት።

በሩ ተዘጋ። ባቡሩ መንቀሳቀስ ሲጀምር «እሺ» አለች፤ አጠገቧ የቆመች አንዲት መንገደኛ ብቻ ሰማቻት።