ሦስት ቁጥር

«እንብላ!» አለች ፈንታነሽ ብድግ ብላ።

የሻይ ቤቱ በር በተከፈተ ቁጥር ዳቦዋን አስቀምጣ ትነሳለች። ለወታደሩም ለነጋዴውም «እንብላ» ትላለች። ጉና ተራራ ሥር ባለው መንደራቸው እየበሉ ሳለ ሰው ሲገባ ዝም አይባልም።

ግድግዳው ሥር የተቀመጡት የጭነት መኪና ረዳቶች ሳቁ። «እኛንስ ረሳሽን እኮ፣ እህቴ!» አለ አንደኛው። «ነው ወይስ ማርማላታው አለቀ?»

ፈንታነሽ ከልቧ ደነገጠች። «ኧረ በሞቴ፣ ና ቅመስ!» ብላ ዳቦዋን ቆርሳ ዘረጋችለት።

ሳቁ ባሰ። እቴነሽ የጓደኛዋን ቀሚስ ጎተተች። «ቁጭ በይ። ከተማ ውስጥ እንዲህ አይደረግም።»

«ታዲያ ከተማ ውስጥ ለየብቻ ነው የሚበላ?»

እቴነሽ ለራሷ ሻይ ብቻ ነበር ያዘዘችው፤ «ጠግቤያለሁ» ብላ። ሰባተኛ ክፍል ለመማር ደብረ ታቦር ከመጣች ወዲህ በዚህ ሻይ ቤት ደጅ በየቀኑ ብታልፍም ውስጡን ያየችው ዛሬ ገና ነው። ለጥምቀት አገሯ በገባች ጊዜ ለፈንታነሽ የነገረቻት ግን ሌላ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ከጓደኞቿ ጋር እዚህ ተቀምጣ ዳቦ በማርማላታ እንደምትበላ፣ የራሷ ክፍልና የሽቦ አልጋ እንዳላት ነግራታለች። ከምንጩ ወደ መንደር የሚወስደው መንገድ ረጅም ነበር። ፈንታነሽ እንስራዋን አዝላ «እሽ፣ ከዚያስ?» ትላታለች። «ከዚያስ?» ብሎ የሚጠይቃት ሰው ካገኘች ብዙ ጊዜ ሆኗት ስለነበር እቴነሽ እየጨመረች ሄደች።

ዛሬ ደግሞ ፈንታነሽ ቅዳሜና እሁድን አብራት ልታሳልፍ ከጉና በእግሯ ወርዳ መጣች።

ከሻይ ቤቱ ሲወጡ ገበያው እየተበተነ ነበር። እቴነሽ ቀስ ብላ ትራመድ ጀመር። የምትኖረው በወይዘሮ ጌጤ አልጋ ቤት ነው። የእንግዶቹን አንሶላ ታጥባለች፣ አልጋውን ታነጥፋለች፤ በምትኩ ከጓሮ ባለው ማገዶ ቤት እንድታድር ተፈቅዶላታል። ወይዘሮ ጌጤ ጠዋት ለቅሶ ሲሄዱ፣ «እንግዳሽ ዛሬን ትደር። ከዚያ በላይ ከቆየች ግን ለቀበሌ ማስታወቅ ግድ ነው» ብለዋት ነበር። ቁልፎቹንም ለእሷ ሰጥተዋታል። የሚመለሱት ነገ ነው። ከእንግዳ ክፍሎቹ ሦስት ቁጥር ደግሞ ባዶ ነው።

ግቢው ሲደርሱ የሦስት ቁጥርን በር ከፈተችው።

ፈንታነሽ ነጩን አንሶላ በመዳፏ ዳሰሰችው። ከዚያ ዘፍ ብላ ተቀመጠችበትና ወደ ላይ ወደ ታች ዘለለች። ሽቦው ሲንጫጫ በሳቅ ፈነዳች።

«እቴ! በቅሎ ላይ የወጣሁ መሰለኝ!»

እቴነሽም ሳቀች። እዚህ ከተማ ከመጣች ወዲህ እንዲህ ስቃ አታውቅም።

«አባቴ ምን እንዳለኝ ልንገርሽ?» አለች ፈንታነሽ። «‹እቴነሽ ያለችበትን አይተሽ ነይ። እንዳለችው ከሆነ መስከረም ላይ እልክሻለሁ፣ አብራችሁ ትማራላችሁ። ካልሆነ ግን ልጄን ሰው ደጅ አልጥልም› ነው ያለኝ።»

ለእቴነሽ መስከረም ታያት፤ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ሁለት ሆነው፣ ሲያጠኑ ሁለት ሆነው።

ፈንታነሽ የኮንጎ ጫማዋን አወለቀች። እግሯ በአቧራ ነጭ ሆኗል። ወደ ፊት ዘረጋችውና ጠበቀች። በአገራቸው እንግዳ እግሩን የሚታጠበው በሚያድርበት ቤት ነው፤ አንዴ ከታጠበ ያ ቤት ቤቱ ነው፣ ተነሥቶ ሌላ ጋ አይሄድም።

እቴነሽ ለብ ያለ ውኃ በሳፋ ይዛ መጣች። ተንበረከከች። የፈንታነሽን ተረከዝ ያዘችና እጇ እዚያው ቀረ።

«ምነው? ውኃው ፈጀሽ?»

«ተነሽ» አለች እቴነሽ። «ጫማሽን ያዥ።»

«ወዴት?»

«እኔ የማድረው እዚህ አይዶለም።»

ሳፋውን ተሸክማ ግቢውን አቋረጠች። የማገዶ ቤቱን በር በክርኗ ገፋችው። የእንጨቱ ክምር እስከ ጣራው ይደርሳል፤ በቀረችው ቦታ ሁለት ጆንያ ተነጥፏል፤ ራስጌው ላይ ደብተሮቿ አሉ። ፈንታነሽ ደፉ ላይ ቆመች። ከዚያ ጎንበስ ብላ ገባችና ጆንያው ላይ ተቀመጠች።

እቴነሽ እግሯን ታጥባት ጀመር።

«ሻይ ቤቱስ?» አለች ፈንታነሽ።

«ዛሬ ገና ነው የገባሁት።»

«ጓደኞችሽስ?»

እቴነሽ በነጠላዋ ጫፍ የጣቶቿን መሐል አደረቀችላት። «የሉም።»

ፈንታነሽ እግሯን ወደ ጆንያው ሰበሰበች። ጎን ለጎን ተኙ። ቦታው ስለማይበቃ አንዷ ስትገላበጥ ሌላዋም ትገላበጥ ነበር።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ እቴነሽ እስከ ከተማው ዳር ሸኘቻት። ጉና በደመና ተሸፍኖ ነበር።

«አባቴ ይጠይቀኛል» አለች ፈንታነሽ ቋጠሮዋን እያስተካከለች።

«አዎ።»

«አልጋውን አይቻለሁ። ተቀምጬበታለሁም። ያን ብቻ ብነግረው ውሸት አይዶል።» ቀና ብላ አየቻት። «ምን ልበለው?»

አንድ የጭነት መኪና አልፎ አቧራው እስኪበተን ሁለቱም ፊታቸውን በነጠላ ሸፈኑ። እቴነሽ ነጠላዋን ቀድማ ገለጠች።

«ማገዶ ቤቱን ንገሪው» አለች። «አንሶላ እንደማጥብም ንገሪው።» ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ መለሰች። «እንጨቱን ወደ አንድ ጥግ ብንደረድረው ግን ለሁለት ይበቃል። እሱንም ንገሪው።»

ፈንታነሽ ጉንጯን ሳመቻትና ዳገቱን ተያያዘችው። መታጠፊያው ላይ ስትደርስ ዞር ብላ እንደሆነ እቴነሽ አልለየችም፤ ርቃ ነበር።

ወደ አልጋ ቤቱ ስትመለስ ግቢው ጭር ብሏል። ሦስት ቁጥር ገብታ የተጨማደደውን አንሶላ ገፈፈች፤ ልታጥበው ዘፈዘፈችው። ከዚያ ማገዶ ቤቱ ገብታ ከክምሩ ላይ የመጀመሪያውን ግንድ አነሳች። ወይዘሮ ጌጤ ሲመለሱ ፈንታነሽን እንዲያስጠጉላት ምን ብላ እንደምትጠይቃቸው እያሰበች ወደ ግድግዳው አስጠጋችው።