ሁሉንም ሰርዝ

«አልቅሰሽ ከሆነ ፊትሽን ታጠቢ። ካላለቀስሽ ደግሞ አሁኑኑ አልቅሺና ጨርሺ» አሉ እመት ወለተ ሩፋኤል። «ዜማ ፊት እንዲህ ሆነሽ አትታዪም።»

ሥርጉት በሩን ተደግፋ ቀረች። ከትምህርት ቤት መግባቷ ነው፤ ቦርሳዋን እንኳ አላወረደችም። አያቷ ክፉ ወሬ አለሳልሶ መናገር አያውቁበትም። «የዜማ አባት ዛሬ እኩለ ቀን ላይ ሞተ» ብለው ነበር የተቀበሏት።

«ጋሼ አበራ?»

«ስንት አበራ አለን? ወባው ጭንቅላቱ ላይ ወጣ አሉ። ሙሉነሽም እናትሽም አልጋው አጠገብ ነበሩ። ነገ በስድስት ሰዓት መሸንቲ፣ ከአባቱ ጎን ይቀበራል።»

ሁለቱ ቤተሰቦች ጣና ዳር አንድ ግቢ ተከራይተው ሲኖሩ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። አበራ መንገድ ቀያሽ ነበር፤ ወሩን ቆላ ከርሞ ለሦስት ቀን ይመጣል። ዜማና ሥርጉት ሁለቱም ስምንተኛ ክፍል ናቸው። የክልሉ ፈተና ነገ ማክሰኞ ይጀምራል፤ ከነገ ወዲያ ያበቃል።

«ዜማስ?»

«ዜማ ሐሙስ ሲነጋጋ ትረዳለች። እሱ ነው እንዲህ ያለው» አሉ፣ ግድግዳው ሥር የተቀመጠውን ሰው በአገጫቸው እያመለከቱ።

ሰውየው የዜማ እናት የሙሉነሽ ወንድም አስናቀ ነበር። እኅቱ ወደ ሆስፒታል ከሄደች ጀምሮ ከዜማ ጋር የሚያድረው እሱ ነው። ዜማ የሰማችው አባቷን ትንሽ ወባ እንዳመመው ብቻ ነው። ኮሌጅ ያስተምራል፤ ቤት ውስጥም ሲናገር ጣቱን ያነሣል። አሁን ግን ጣቱን አላነሣም። ዓይኑ ቀልቷል።

«እትዬ፣ ተስማምተናል እኮ» አለ። «ልጅቱ ዓመቱን ሙሉ ለፍታለች። ዛሬ ብትሰማ ነገ እስክሪብቶ መያዝ አትችልም። አንድ ዓመት ይቃጠልባታል። እሱም ቢሆን የሚፈልገው…»

«ሙት የሚፈልገውን ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ያወቅህ? እኔ ፊደል አልቆጠርሁም፤ ዓመት ግን ተመልሶ ሲመጣ ሰባ ጊዜ አይቻለሁ። አባት ሁለቴ ሲቀበር አላየሁም።»

ከዚህ በላይ ግን አልገፉበትም። የልጅቱ የሥጋ ዘመድ እሱ ነው፤ እሳቸው ጎረቤት ናቸው። ጎረቤት ያለቅሳል እንጂ አይወስንም።

ያኔ ነው ሥርጉት «ታብሌቱ!» ብላ የጮኸችው።

ታብሌቱን ያሰናዳችው ራሷ ናት። ዜማ ሲም ካርድ የላትም። አበራ የሚሠራበት ቆላ ደግሞ ኢንተርኔት አይደርስም፤ ማታ ማታ ጉብታ ላይ ወጥቶ ወደ ሙሉነሽ ስልክ አንዲት አጭር መልእክት ይልካል፤ ያችው ናት። ዜማ ያችን ለማንበብ እናቷ ከሥራ እስክትመለስ መጠበቅ ሰለቻት። ከፋሲካ በፊት አንድ ቅዳሜ ሥርጉት የእናቲቱን ስልክና የልጅቱን ታብሌት በአንድ አካውንት አያያዘቻቸው። ከዚያ ወዲህ ሙሉነሽ ስልክ ላይ የገባ ሁሉ ዜማ እጅ ላይም ይገባል።

«ሰው ሁሉ አሁን ለእትዬ ሙሉ የማጽናኛ መልእክት ይልካል» አለች። «ዜማ ደግሞ ታነበዋለች።»

አስናቀ ከመቀመጫው ተነሣ። እመት ወለተ ሩፋኤል ግን አልገባቸውም። «የእናትየው ስልክ ያለው ሆስፒታል፣ ልጅቱ ያለችው እዚህ። በየት በኩል ነው የሚመጣው?»

«የሚቀመጠው ክላውድ ላይ ነው፣ እናና። ደመና እንደ ማለት ነው። ከዚያ ለሁለቱም ይወርዳል።»

«ደመና! ይኸው አገር የደበቃትን ደመና ሊያረዳት። በይ ሩጪ!»

ዜማ ግቢው ቧንቧ ሥር ጎንበስ ብላ ጠጉሯን ትታጠባለች። ሥርጉት በጀርባዋ አልፋ ገባች። ታብሌቱ አልጋው ላይ፣ በሒሳብ ደብተሩ አጠገብ ተቀምጧል። አዲስ መልእክት ሦስት ይላል። አንዳቸውም አልተከፈቱም።

«ሙልዬ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። ማመን አቃተኝ…»

ከእነሱ ሥር የአበራ መልእክቶች ተደርድረዋል። የመጨረሻው የዓርብ ነው፦ «ዛሬ ሰባት ኪሎ ሜትር ለካን። ትንሽ ራሴን አሞኛል። ዜማ ለፈተናው ትተኛ፣ አታምሽ።» ከዚያ በላይ ደግሞ ሌላ፣ ከዚያም በላይ ሌላ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ የላከው።

ሦስቱን ብቻ መርጣ ማጥፋት ነበረባት። ግን ውጭ የቧንቧው ውኃ ቆመ። የዜማ ነጠላ ጫማ ደረጃው ላይ ተሰማ። ሥርጉት በጥድፊያ «ሁሉንም ምረጥ» የሚለውን ነካች። «ይሰረዝ?» ሲላት ሳታነበው «አዎ» አለችው። ገጹ ነጭ ሆነ። ከዚያ ታብሌቱን ከአካውንቱ አላቀቀችው።

መጀመሪያ ማላቀቅ፣ ከዚያ ማጥፋት ነበር። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል ይባላል። ይህ ግን ከፈሰሰ የማይለቀም ነው፤ እሷ ገና ልብ አላለችም።

«ምን እየነካካሽ ነው?» አለች ዜማ፣ ጠጉሯን በፎጣ እየጠቀለለች።

«ተበላሽቷል። አይሠራም።»

«አትፎግሪኝ! ዛሬ ከአባባ መልእክት ሊመጣ ይችላል እኮ። ከዓርብ ወዲህ ጠፍቷል።»

«ኔትወርክ ነው። ከፈተና በኋላ አስተካክልልሻለሁ።»

ልጅ ሲዋሽ አንገቱ ያሳብቃል። ሥርጉት አንገቷን ሰብራ ደብተር የምትፈልግ መሰለች።

ጀምበሯ ሳትጠልቅ ደብተራቸውን ይዘው ወደ ሐይቁ ወረዱ። አስናቀ «ለብቻዋ አትተያት» ብሏል። ደንገሉ አጠገብ አንድ የተገለበጠ አሮጌ ጀልባ ላይ ተቀመጡ። ነፋሱ ቀዝቀዝ ብሏል። ዜማ የሳይንስ ጥያቄ ትጠይቃለች፤ ሥርጉት ሁሉንም ትሳሳታለች።

«ምን ነካሽ? እንዲህ ሆነሽ ነገ ልትወድቂ ነው» አለች ዜማ ሣቅ ብላ። ከዚያ ደብተሩን ጉልበቷ ላይ ዘጋችው። «ስሚ፣ እኔ ነቄ ነኝ።»

«ስለ ምን?»

«ዛሬ ሰው ሁሉ ደግ ሆኗል። የሱቁ ሰውዬ፣ ያ ንፉግ፣ ማስቲካ በነጻ ሰጠኝ። እትዬ ወለተ ሩፋኤል ሳይሰድቡኝ የዋሉበት ቀን የለም፤ ዛሬ ‹የኔ ልጅ› አሉኝ። ጋሼ አስናቀ ፊቴን አያየኝም።» ድምፅዋ ቀነሰ። «አባባ በጣም አሞታል አይደል?»

ሥርጉት ውኃውን አየች። «ፈተና ስለ ደረሰብን እኮ ነው። እኔንም አልሰደቡኝም።»

ዜማ ትክ ብላ አየቻት። «በእናትሽ?»

«በእናቴ።»

«እሺ» አለች ዜማ፣ ደብተሩን መልሳ ከፍታ። «አንቺ ካልሽ እሺ። ሌላው ሰው ቢሆን አላምንም ነበር።»

ቤት ሲገቡ እመት ወለተ ሩፋኤል ስልኩን ለሥርጉት ዘረጉላት። እናቷ ናት፣ ከሆስፒታል።

«ሥርጉትዬ፣ በስልክ ነገር አንቺ ትሻያለሽ» አለች። «ሙሉነሽ ልትታመምብኝ ነው። አሁን የአበራን መልእክቶች ላንብብ ብላ ብትከፍት አንድ የለም። ሁሉም ጠፍቷል። ‹የቀረኝን ቃሉን ማን ወሰደብኝ› እያለች ስልኩን ደረቷ ላይ ይዛ ትጮኻለች። ምን ነክታ ነው? ይመለሳል?»

ሥርጉት አሁን ገባት። ሳይላቀቅ የጠፋ ከሁለቱም እንደሚጠፋ ታውቃለች። አንድ ቅዳሜ ሙሉ ተቀምጣ ለዜማ ያስረዳችው ራሷ ናት።

«አላውቅም» አለች። «አላውቅም፣ እማ።»

ስልኩን ዘግታ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። እመት ወለተ ሩፋኤል አላባበሏትም። ዱካቸውን ሳብ አድርገው ፊት ለፊቷ ተቀመጡ።

«ተናገሪ።»

ተናገረች። ስለ ሦስቱ መልእክቶች፣ ስለ ነጠላ ጫማው ድምፅ፣ ስለ ነጩ ገጽ። «የጋሼ አበራን ቃል ሁሉ አጠፋሁት። ከዜማም ከእትዬ ሙሉም። በእናቴም ዋሸሁ። ለእናቴም ዋሸሁ።»

«ወረቀት ቢሆን አመዱ ይቀር ነበር» አሉ አሮጊቷ። «ይመለሳል?»

«አይመለስም። ከጠፋ ጠፋ ነው።»

«እንግዲያ ስለሱ ማልቀስ ለነገ ይቆይ። ዛሬ ሌላ ሥራ አለብን መሰለኝ።»

ሥርጉት ቀና አለች። «ነገ ሲነጋ እንንገራት፣ እናና። መሸንቲ መሄድም ፈተናው መቀመጥም እሷ ትወስን። ሐሙስ ቢነግሯት ‹አንቺ ታውቂ ነበር?› ብላ መጀመሪያ የምትጠይቀው እኔን ነው።»

«አስናቀ ይቆጣል።»

«ይቆጣኝ።»

«ያንቺም ፈተና እኮ ነው። ልጅቱን አስለቅሰሽ ምን ትጽፊያለሽ?»

«እኔ እንጃ።»

እመት ወለተ ሩፋኤል ልብስ የሚለኩላት ይመስል ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት። «ጥፋትሽንም ትነግሪያታለሽ?»

«ሁለቱንም።»

«አባቷን ለመቅበር የምትሄድ ልጅ ላይ ያንን መጨመር ደግ ነው?»

«ደግ አይደለም። ግን ነገ ካልነገርኋት ከነገ ወዲያ አልችልበትም። ራሴን አውቀዋለሁ።»

ሲነጋጋ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ከሐይቁ ማዶ እየመጣ፣ አሮጊቷ የነጠላቸውን ጥለት ወደ አንገታቸው አዙረው ለበሱ። የሐዘን አለባበስ ነው። ግቢውን ሲያቋርጡ አስናቀ ቧንቧው ጋ ፊቱን ይታጠብ ነበር። ነጠላውን አየ። የታጠበበት ውኃ ከአገጩ እየተንጠባጠበ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ።

«ተስማምተን አልነበር?» አለ በሹክሹክታ። «ሥርጉት፣ አንቺ ምን አገባሽ? ልጅ ነሽ።»

«ጋሼ፣ ትላንት ዋሽቼ አሳደርኋት» አለች። «ዛሬ አልችልም። እርስዎ ከቻሉ ይግቡና ዓይኗን እያዩ ‹አባትሽ ደኅና ነው፣ ሂጂና ተፈተኚ› ይበሏት። እኔ እመለሳለሁ።»

አስናቀ በሩን አየ። እጁ ወደ እጀታው ሄደ፤ እዚያው ቆየ። ከዚያ ወደ ጎን ዞረና መንገድ ለቀቀላቸው። ግንባሩን ግድግዳው ላይ አሳረፈ።

ሥርጉት አንኳኳች።

ዜማ ነቅታ ነበር። መብራቱ በርቷል፤ ዩኒፎርሟን ለብሳለች፤ አልጋው በደብተርና በወረቀት ተሸፍኗል። መጀመሪያ ሥርጉትን አየች፤ ቀጥላ ከኋላዋ ያሉትን አሮጊት፤ ከዚያ ነጠላቸውን፤ እዚያም ዓይኗ ቆመ።

ለሁለቱም መቀመጫ እንዲሆን ደብተሮቿን አንድ በአንድ እያነሣች መሬት ላይ ታስቀምጥ ጀመር።