የአውራ ዶሮው እንቅልፍ

«አንቺ ደግሞ ምን ታውቂያለሽ!»

ይህችን ቃል ልጅቷ ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ ስትሰማት ኖራለች። ጣሪያው ሊያፈስ ነው ስትል ያው መልስ። ጣሪያው አፍሶ ፍራሹ ሲርስ ግን «ለካ እውነትሽን ነው» ያላት የለም። አሁን አሥራ አራት ዓመት ሆኗት፣ ፈተናዋ አሥር ቀን ሲቀረው፣ እናቷ ያችኑ ቃል ደገመችላት።

ነገሩ የሕፃኑ እንቅልፍ ነው። የዘጠኝ ወር ወንድሟ በቤቱ «አውራ ዶሮው» ይባላል። ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ነቅቶ ቤቱን በአንድ እግሩ ያቆመዋል። እናት ልብስ ሰፊ ናት፤ ማሽን ስትረግጥ ስለምታመሽ ጎህ ሲቀድ ሕፃኑን የምትይዘው ልጅቷ ናት። ባለፈው ሳምንት ሒሳብ ክፍለ ጊዜ ላይ ደብተሯ ላይ ተደፍታ፣ መምህሩ «ትራስ ይምጣላት?» ብሎ ክፍሉን በሙሉ አስቆባታል። በዚህ ዓይነት ፈተናውንም ተኝታ ልታሳልፈው ነው።

«እማዬ፣ ስሚኝ እስቲ። ጥፋቱ የማሽኑ ነው።»

«በአሥራ አንድ ሰዓት እኔ መች እሰፋለሁ?»

«አይቀሰቅሰውም፤ ያስተኛዋል። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ መርገጥ ስትጀምሪ ድምፁን ሰምቶ አጠገብሽ ቅርጫቱ ውስጥ ለጥ ይላል። ሌሊት ያጎደለውን እዚያ ይሞላል። ታዲያ በማግስቱም በሌሊት ቢነቃ ምን ቸገረው?»

እናት ሳቀች። «ዶክተሯ መጣችልኝ! አንቺን ያሳደግሁሽ እኔ መስሎኝ።»

«ማሽኑ ጥገና ቤት የከረመ ጊዜስ? ሲነጫነጭ ቆይቶ ሦስት ሰዓት ላይ ነበር የሚተኛው። በአምስተኛው ቀን ንጋት እስከ አሥራ ሁለት ተኩል ተኛ። ማሽኑ ሲመለስ እሱም ወደ ጠባዩ ተመለሰ።»

እናት ወደተቆለለው ጨርቅ በአገጯ አመለከተች።

«የአርባ ተማሪ ሸሚዝ ይጠብቀኛል። እስከ ሦስት ሰዓት እጄን አጣጥፌ ልቀመጥ?»

«ቁልፍ ትከያ! እሱ በእጅ ነው፣ ድምፅ የለው።»

«ቁልፍ የሚተከለው ሁሉም ተሰፍቶ ሲያልቅ ነው። እናቴም እንዲያ ነው ያስተማረችኝ። ሂጂ አጥኚ።»

ድሮ ቢሆን ታኮርፍ ነበር። ሁለት ቀን ታኮርፋለች፣ ማንም አያይላትም፣ በሦስተኛው ቀን ራሷው ትታረቃለች። አሁን ግን ማኩረፉም ሰለቻት።

በማግስቱ አውራ ዶሮው እንደ ልማዱ ቀሰቀሳት። የጥናት ሳምንት ስለገባ ትምህርት ቤት የለም። አንድ ሰዓት ሊሆን ሲል ሕፃኑን በአንድ ክንዷ ታቅፋ ወደ ማሽኑ ሄደች፤ መርገጫውን ከመንኮራኩሩ የሚያገናኘውን ጠፍር ፈታች። ትናንት ተሰፍተው ያደሩትን ሸሚዞች ወንበሩ ላይ ከመረች፣ የቁልፍ ቆርቆሮውን ከላይ አስቀመጠች።

እናት ፊቷን ታጥባ ስትገባ ልጅቷ ጠፍሩን ይዛ ቆማ ጠበቀቻት።

«እሱ እንደተኛ ራሴ እገጥምልሻለሁ። በየቀኑ እንቅልፉን ሃያ ደቂቃ እገፋዋለሁ፤ በስድስተኛው ቀን ሦስት ሰዓት ይደርሳል። ለቅሶውን እኔ እችለዋለሁ። ካልሆነልኝ ያኔ ሳቂብኝ።»

«ጉድ እኮ ነው! በገዛ ማሽኔ?»

ልጅቷ ሕፃኑን ይዛ ወደ ግቢ ወጣች፤ ውኃ የተሞላ ሳፋ አጠገብ አስቀመጠችው። አንድ ሰዓት ሲሆን ዓይኑን ማሸት ጀመረ። አንገቱን ወደ ቤት አዞረ፣ ጠበቀ፤ ማሽኑ ዝም አለበት። ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ ለቅሶውን ለቀቀው።

ከውስጥ የቆርቆሮው ክዳን ሲከፈት ተሰማ። ልጅቷ ዞር ብላ አላየችም። እጅጌዋን ሰብስባ ውኃውን በመዳፏ ጧ አድርጋ መታችው፤ ሕፃኑ ደንግጦ ለቅሶውን አቋረጠ።

«ገና ነው ጌታው» አለችው። «አሥራ ስምንት ደቂቃ ይቀርሃል።»