ሳትሄድ ወንዙን የሳለችው

ዝም ማለት ውሸት አይደለም ያላችሁ ማነው? ማንም ይሁን ማን፣ አሁኑኑ ወደ ጂኦግራፊ ክፍሉ ይግባና ከመጨረሻው ረድፍ፣ ክር ከሚሏት ልጅ አጠገብ ይቀመጥ። ሰሌዳውንም አብሯት ይመልከት።

ሰሌዳው ላይ፣ መርፌ የሚሏት ጓደኛዋ ወንዝ እየሳለች ነው። አጎቷ ዓሣ አጥማጅ ስለሆነ ከልጅነቷ ጀምሮ በጀልባው ስትመላለስበት ኖራለች፤ የወንዙን ጥምዝ ሁሉ በቃሏ ታውቀዋለች። የጉዞ ክበቡ ልጆች ቅዳሜ ጠዋት ከድልድዩ ሥር ይነሳሉ። ካያክ በምትባለው ጠባብ ጀልባ ሁለት ሁለት ሆነው ተቀምጠው፣ በጫካው መሀል ቀኑን ሙሉ ሲቀዝፉ ይውሉና አመሻሽ ላይ ወፍጮ ቤቱ ጋ ይወርዳሉ። መርፌ ግን አትሄድም። የውሃ ዋና ፈተናውን አልተፈተነችማ። ያልተፈተነ ደግሞ ጀልባ ላይ አይወጣም፤ የጂኦግራፊ መምህሩ ሕግ ነው።

«እዚህ ጋ ውሃው ዝም ይላል» አለች መርፌ፣ አንዱን መታጠፊያ በጠመኔ እየከበበች። «ዛፎቹ ከላይ ስለሚገጥሙ ጨለም ይላል፤ አትፍሩ። መቅዘፊያችሁን አንሱና ዝም ብላችሁ ተንሳፈፉ። ወፎቹ ያኔ ነው ብቅ የሚሉት።»

«ሬዲዮ ባለበት ምን ወፍ ይቀራል?» አለ አንዱ፤ ክፍሉ ሳቀ። ሬዲዮ የተባለው ወሬ የማያልቅበት ልጅ ነው፤ ቅዳሜ ከክር ጋር የሚቀዝፈውም እሱ ነው። ለወፎቹ ዜና አነብላቸዋለሁ ብሎ እሱም ሳቀ። ክር ግን አብራ አልሳቀችም።

ነገሩ እንዲህ ነው። መርፌ እናቷን ልታስታምም ከትምህርት ቤት በቀረችበት ሰሞን፣ መምህሩ ፈተናው ከዓርብ ወደ ረቡዕ መዛወሩን ተናግረው ለቀሩት ንገሯቸው አሉ። የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ መርፌ ደወለችና ዛሬ ምን አመለጠኝ ብላ ጠየቀች። ክር የሒሳቡን የቤት ሥራ ነገረቻት። የሬዲዮን አዲስ ቀልድ ነገረቻት። የእናቷንም ጤና ጠየቀች። ስለ ፈተናው ግን ትንፍሽ አላለችም። መርፌ ስትመለስ ፈተናው አልፏል። ልጆቹ «መርፌ ፈተና ፎረፈች» እያሉ ሙድ ያዙባት። ክር ደግሞ ድንገት ነው የተዛወረው፣ እኔም እዚያው ስደርስ ነው የሰማሁት አለቻት። መርፌም አመነቻት። ለምን አታምናት?

ጥላቻ ቢሆን ኖሮ ይቀል ነበር። ትምህርት ቤቱ ሁሉ «መርፌና ክር» ይላቸዋል፤ አንዷ የገባችበት ሌላዋ ትከተላለችና። መርፌ ስትቀልድ ክር ትስቃለች። መርፌ ስትጠየቅ ክር መልሱን እያወቀች አጠገቧ ትቆማለች። ክር አንዲት ቀን እንኳ፣ መርፌ በሌለችበት፣ ሰዎች እሷን ራሷን እንዲያዩዋት ፈለገች። ይኸው ነው። «ረስቼው ነው» የምትል ሰበብ አዘጋጅታ ነበር። አልረሳችም። የረሳ ሰው ሰበብ አያዘጋጅም።

የባሰው ደግሞ ዛሬ ጠዋት መጣ። መርፌ፣ መቅዘፊያ እጅ ይልጣል ብላ፣ የራሷን ጓንት ለክር ይዛላት መጣች። ጓንቱ አሁን ቦርሳዋ ውስጥ ነው። ክር ቦርሳውን በእግሯ ወደ ግድግዳው ገፋችው።

መምህሩ ሥዕሉን ዞር ዞር ብለው አዩት። እንዲህ ያለ ካርታ አይተው እንደማያውቁ ተናገሩ። ቀጥለውም መሪው ጀልባ ላይ ወንዙን የሚያውቅ ሰው እንደጎደላቸው አነሱ፤ እሱን ሲያነሱ ተናደዱ።

«ወንዙን የምታውቂው አንቺ፣ ዳር የምትቀሪውም አንቺ» አሉ ወደ መርፌ ዞረው። «የግድ የለሽነት ዋጋው ይሄ ነው። ልጆች፣ ከሷ ተማሩ።»

መርፌ ቀና አላለችም። «እውነት ነው ቲቸር። መጠየቅ ነበረብኝ።»

ጠይቃ ነበር እኮ። መጠየቋን ራሷ ረስታዋለች፤ የምታስታውሰው ክር ብቻ ናት።

ክር ተነሳች። ወንበሩ ወለሉን ፋቀው፤ ሁሉም ዞረው አዩዋት።

«ጠይቃለች» አለች። ድምጿ ቀጭን ነበር፤ ግን ተሰማ። «ደውላ ጠይቃኝ ነበር። እያወቅሁ ነው ያልነገርኳት። እኔም አልሰማሁም ያልኳትም ውሸት ነው። ይፈትኗትና በኔ ቦታ ትሂድ።»

መምህሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እናንተ ሁለታችሁ ውጭ ወጥታችሁ ተነጋገሩ ብለው በሩን አሳዩዋቸው። በሩ ቅርብ ነው። ኮሪደሩ ላይ ማንም የለም፤ እዚያ ማልቀስ ይቻላል፣ መተቃቀፍ ይቻላል፣ ምክንያትንም እያለሳለሱ መናገር ይቻላል። ክር በሩን አየችው፤ ካለችበት ግን አልተንቀሳቀሰችም።

መርፌም አልተንቀሳቀሰችም። ጠመኔውን አስቀመጠችና ጣቶቿን በቀሚሷ ጠረገች።

«ውጭ አንወጣም ቲቸር» አለች፣ ዓይኗን ከጓደኛዋ ሳትነቅል። «ግድ የለሽ ስባል ሁሉም ሰምቷል። አንቺ ደግሞ ቦታሽን ያዥው፤ ቦታ አልጠየቅኩሽም። ለምን እንደሆነ ብቻ ንገሪኝ። እዚሁ፣ ሁሉም እየሰሙ፤ ለምን?»