የሂባን ራጅ የጠየቀችኝ ሴት

እኔ እንኳን እንዲህ ያለ ነገር ላምን፣ እናቴ «የቀትር ጋኔን አለ፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን አትውጪ» ስትለኝ እየሳቅኩ ጃንጥላዬን ይዤ የምወጣ ሰው ነበርኩ። ሥራዬ ከኮምፒውተር ጋር ነው፣ ኮምፒውተር ደግሞ ወይ ይሠራል ወይ አይሠራም፣ አለቀ። ይህን የማወራችሁም እንድታምኑኝ ብዬ አይደለም፣ ይዤው መኖር ስላቃተኝ ነው።

ድሬዳዋ፣ መጋላ ሰፈር ውስጥ ባለ አንድ የግል ክሊኒክ የሰርቨሩ ዲስክ ሞልቶ አዲስ የሚነሳ ራጅ አልቀመጥ አለ። ሐኪሟ ዶክተር ኢክራም ደወለችልኝ፣ «አቦ ሰብሊ፣ ድረሽልኝ! ሕመምተኛ እየመለስኩ ነው» አለችኝ። ድሬን ታውቋታላችሁ፣ ከስድስት ሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሰዉን ሁሉ ቤቱ ያስገባዋል፣ ክሊኒኩም እስከ ዘጠኝ ይዘጋል፣ በዚያ እረፍት ልሠራው ተስማማን። ዘበኛው ጋሽ ሙሜ አስገቡኝና የግቢውን በር ቆልፈው እዚያው በሩ ሥር ጋደም አሉ።

ሥራው ከባድ አይደለም። ሎጂካል ቮልዩም የሚባል ዘዴ አለ፣ ዲስኮችን አጋጥሞ እንደ አንድ ሰፊ መጋዘን የሚይዝ፣ ሲሞላ አዲስ ዲስክ ትጨምሩበትና ውስጡ ያለው ሳይነካ ግድግዳውን ገፋ ታደርጉታላችሁ። የድሮዎቹ ራጆች ብቻ ለብቻቸው በሌላ ዲስክ ላይ ነበሩ፣ ቅጂ እንኳን የላቸውም።

ሰርቨሩን አጥፍቼ አዲሱን ዲስክ ስገጥም ከእንግዳ መቀበያው ወንበር ሲጎተት ሰማሁ፣ ጋሽ ሙሜ ናቸው ብዬ ተውኩት። ቀጥሎ ቧንቧ ተከፍቶ ተዘጋ፣ አሁንም ተውኩት። ሰርቨሩን አስነስቼ አዲሱን ዲስክ የሚያዘጋጀውን ትእዛዝ ስሰጠው፣ «እዚህ ላይ ቀድሞ የተጻፈ ነገር አለ፣ ይጥፋ?» ብሎ ጠየቀኝ። ሻጩ ያገለገለ ዲስክ አሸክሞኝ ነው ብዬ በልቤ እየተራገምኩ «አዎ» ልል ጣቴን ዘረጋሁ።

ያኔ ነው ኮሪደሩ ላይ ነጠላ ጫማ ጠፍ፣ ጠፍ ያለው፣ ቀስ ብሎ፣ እስከ ክፍሉ በር ድረስ።

ዞር ስል ሐምራዊ ድሪያ የለበሰች ሴት ቆማለች። እመኑኝ፣ እኔ በላብ ታጥቤ ሳለሁ እሷ ፊት ላይ ጠብታ እንኳን የለም።

«አባዮ» አለችኝ፣ በሶማልኛ እህቴ እንደማለት ነው፣ «የልጄን ራጅ እይልኝ። ሂባ ነው ስሟ።»

«አባዮ፣ ዝግ ነው እኮ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነይ።»

«ወላሂ መመለስ አልችልም። መኖሩን ብቻ እይልኝ።»

አነጋገሯ አንጀቴን በላው። ጣቴን ሰብስቤ የድሮ ራጆች የሚቀመጡበትን ከፈትኩ፣ ባዶ ነው። ደግሜ ከፈትኩ፣ ባዶ! ለካ ሰርቨሩ ሲነሳ የዲስኮቹ ስም ተቀያይሯል፣ አዲሱ ነው ብዬ ላጠፋው የነበረው የድሮ ራጆቹን የያዘው ነበር። ዶክተር ኢክራም አዲሱን ከአሮጌው እያስተያየች የምታክማቸው የሳንባ ሕመምተኞች ሁሉ እዚያ ውስጥ ናቸው። በዚያ ሙቀት በረዶ ሆንኩ።

«አላህ ይስጥሽ፣ አባዮ!» ብዬ ዞር ስል ማንም የለም። ስትሄድ የነጠላ ጫማዋን ድምፅ አልሰማሁም።

ሮጬ ወጣሁ። «ጋሽ ሙሜ፣ ሴትዮዋን ማን አስገባት?»

«የምን ሴትዮ?» አሉ ብድግ ብለው፣ «በሩ ይኸው እንደተቆለፈ ነው፣ ቁልፉም ኪሴ ውስጥ።» ፊቴን አዩና «ቢስሚላሂ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ልጄ፣ ቶሎ ጨርሺ። እኔም አብሬሽ እቀመጣለሁ።»

እሳቸው አጠገቤ እንደተቀመጡ ትክክለኛውን ዲስክ ለይቼ ጨመርኩት፣ ቦታው ሰፋ፣ የድሮዎቹም አንድ ሳይጎድል ወደ ቦታቸው ተመለሱ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ የመጀመሪያው ሕመምተኛ ሲገባ ዶክተር ኢክራም አቅፋ ሳመችኝ፣ እኔ ግን ምስጋናው የእኔ እንዳልሆነ ነገርኳት። አልሳቀችብኝም።

አብረን ሂባን ፈለግን፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። በዚያ ስም የተነሳ ራጅ የለም፣ ዶክተሯም ሂባ የምትባል ልጅ አክማ አታውቅም።

የስንቱን ሰው ልጅ ራጅ አትርፋ የራሷን ሳታገኝ ሄደች። በየቀኑ አመሰግናታለሁ፣ ከልቤ። መጋላ ውስጥ ሐምራዊ ድሪያ የለበሰች ሴት ከፊቴ ስትሄድ ሳይ ሮጬ ደርሼ እጇን መሳም ያምረኛል፣ ግን እግሬ አይታዘዘኝም። ዞር ብላ «ልጄስ?» ብትለኝስ?