የምድር ጫጫታ

ሶስና የወሊድ ፈቃዷ ሳይደርስ የቀራትን ሥራ ልትጨርስ ተጣድፋለች። የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ሥራዋ ስሙ ሲጠራ ያስደነግጣል እንጂ ነገሩ ጽዳት ነው፦ የሞተ ኮከብ ቅሪት፣ ኒውትሮን ኮከብ የሚሉት፣ እየተሽከረከረ ያለማቋረጥ የሚልከው ደካማ የስበት ሞገድ ይገኝ እንደሆነ፣ ባሕር ማዶ ያለ መሣሪያ የመዘገበውን የወራት መረጃ በኮምፒውተር ማበጠር። ኮምፒውተሩ በመረጃው ውስጥ ያገኛቸውን ተደጋጋሚ ምቶች በዝርዝር ያወጣላታል። ከኮከብ የመጣ ምት ምድር ስትዞር እሱም ጥቂት ይፈጥናል፣ ጥቂት ይዘገያል። ፍጥነቱ ፍንክች የማይለው ምት ግን የምድር ጫጫታ ነውና ከዝርዝሩ ይሰረዛል።

ሙቀት ባፈነው የባሕር ዳር ከተማ ከሰዓት በኋላ አንዱን ምት ሰረዘች፤ ከራሷ በላይ ሲንቋቋ የዋለው ቬንትሌተር ቆመ። መብራት አልሄደም። ሁለተኛውን ስትሰርዝ የግድግዳው ሰዓት ቀጥ አለ፣ ክፍሉም የጋለ ፕላስቲክና የአቧራ ሽታ ብቻ ቀረው። ባሕር ማዶ በተቀዳ መረጃ ውስጥ የእሷ ቢሮ ሰዓት ምን ሊሠራ ገባ? «አጋጣሚ ነው» አለች ጮክ ብላ፣ ድምፅ ለመስማት ያህል። እጇ ግን አላረፈም፤ ሦስተኛውን ሰረዘች። የመስኮቱ ደፍ ላይ ጉርር ጉርር ስትል የነበረችው ርግብ ዝም አለች። ሶስና ብድግ ብላ ስታይ ርግቧ በጎኗ ተጋድማለች፣ ዓይኗ ክፍት ነው።

ፈራች፤ በጣም ፈራች። የሰረዘቻቸውን ምቶች ሁሉ ወደ ዝርዝሩ መለሰቻቸው። ቬንትሌተሩ አልተንቀሳቀሰም፣ ርግቧም አልተነሳችም።

ያኔ ነው ከዝርዝሩ ግርጌ ያለውን ምት ያየችው፦ በደቂቃ መቶ አርባ። ማክሰኞ ለክትትል ሄዳ፣ ነርሷ መሣሪያውን ሆዷ ላይ አድርጋ የፅንሱን ልብ ስታሰማት፣ «መቶ አርባ! ጎበዝ ነው» ብላት ነበር። ሶስና እጇን ከማውሱ ላይ መንጭቃ አነሳች።

አለቃዋ ዶክተር መንክር በሩን ከፍተው ገቡ።

«ምነው ሶስና? ላብ በላብ ሆነሻል እኮ።»

«ይቺን የመጨረሻዋን ምት እንዳይነኩብኝ ዶክተር፣ በእናትዎ!»

ጎንበስ ብለው አዩ። «እሷን ነው? ያንቺ ዝርዝር የጠዋቱ ነው፣ አልታደሰም። እንዳይደክምሽ ብዬ ምሳ ስትበዪ እኔው ሰርዤልሻለሁ» አሏት፣ እንደ አባት ፈገግ ብለው።

ምሳ ላይ፣ ሲራገጥ የነበረው ልጅ ድንገት ጸጥ ሲል፣ ሆዷን መታ መታ አድርጋ «አሁን ጠገብክ» ብላ ስቃ ነበር።